መቶ አለቃዋ እና የአስር አለቃው ጎሚስታ

አዳማ፣ ማክሰኞ የካቲት 10

ዛሬም የቀድሞ ወታደር ሾፌሮች በሬን አልፈው ጎረቤቴ አስር አለቃ ቶሎሳ ዘንድ ጎማ አስጠገኑ። የእሳቸው ጎሚስታ በጦር ጓዶቻቸው ስንት ዓመት ቆመ፤ የእኔ ገና ዓመት ሳይሞላው ሊዘጋ ነው። እኔም እኮ ወታደር ነበርኩ፤ ያውም መቶ አለቃ፣ ያውም መካኒካል መሐንዲስ! ቅናት ቢያንገበግበኝ ሄጄ ሾፌሮቹን፣ "እኔ ጋ የማትመጡት ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ክሪኩ እንዳይከብድሽ ብለን ነው፣ የእኛ ቆንጆ" አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

አስር አለቃ ብድግ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። "መቶ አለቃ እኮ ናቸው፤ ተነሡ!" ሁሉም አፍረው ተነሡ።

ዞር ስል፣ "አይ ቶሌ! እንዳንተ ያለ ሰው የት ይገኛል?" ሲሉ ሰማሁ። የእኔ ክብር እንኳ ለእሳቸው ገበያ ሆነ። ለእኔ ተነሡ፤ ጎማውን ግን እዚያው አወረዱ።