ዴኩ የእኔ፣ ወንበሩ የመብረቅ

የካቲት 9፣ ሰኞ

«ለአገር አቀፉ ውድድር ዴኩን ጋሼ ያዘጋጃል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን መብረቅ ነው። ጋሼ ጥልቅ አሳቢ ቢሆንም እጁ ይዘገያል። ለክለቡ ጥቅም ሲባል የተወሰነ ስለሆነ ቅር እንደማይለው እናምናለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የካርድ ክለባችን ሊቀመንበር ለአባላቱ ሁሉ በስልክ የላከው ነው። ለእኔ ለብቻዬ እንኳ አልደወለም። ቢሮ ቁጭ ብዬ የአንድ ክሊኒክ ንድፍ እመረምር ነበር... የደረጃው የላይኛው እርከን ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተሥሏል፤ ሰው ይጥላል። ስልኩ ጮኸ። አነበብኩ። ደረጃውን እንደገና ከታች ጀምሬ ማየት ነበረብኝ።

ካርድ በካርድ መርጦ በደረደረው ዴክ ማጣሪያውን ያሸነፈው ማነው? እኔ። ክለቡ አንዲት ወንበር ያገኘው በማን ነው? በእኔ። እና «ቅር እንደማይለው እናምናለን»። ማመን መቼም አይከለከልም።

ሌላ ምንም የለም። የማድቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሱቅ። የልጆች መጫወቻ ይሸጣል፤ ክለቡ የሚሰበሰበው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው።

«ጋሼ! ተቀየምክ እንዴ?»

«ወንበሩ የእኔ ነው።»

«የክለቡ ነው እንጂ ጋሼ። ባለፈው ስንት ጨዋታ ሰዓት አልቆብህ አቻ ወጣህ? አንተ አንድ ካርድ እስክትጥል እኮ ሰው ፀጉሩን ተስተካክሎ ይመለሳል።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መብረቅም ሳቀ። እጁ ስለሚፈጥን ነው መብረቅ ያሉት። የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ነው። ይህን ማን አነሳ? ማንም። የተነሳው የክለቡ ጥቅም ነው።

«አልሠራም ብልስ?»

«ታዲያ ካንተ ሌላ ማን አለን?» ...እዚህ ላይ ከልቡ ነበር። የባሰ ያናደደኝም ይኸው ነው። «ስማኝ ጋሼ፣ ዴኩ ከሠራ የሚቀጥለው ዓመት ወንበር ካንተ በቀር ለማንም አይሰጥም። ቃሌ ነው።»

እሠራለሁ አልኩ። ለምን አልኩ? ወንበሩን ስለምፈልገው ነዋ። እዚህ ላይ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

የካቲት 15፣ እሑድ

ባለቤቴ ተጋጣሚ ሆና ተቀመጠችልኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ፋርማሲ ቆሜ ከበሽተኛ ጋር ስነታረክ ውዬ፣ ደግሞ በእረፍቴ ከዘንዶ ጋር?» አለች። ግን ተቀመጠች።

የሚያጠቁ ካርዶች የበዙበትን የዘንዶ ዴክ ሰጠኋት። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ይዞ የሚመጣው እሱን ነው፤ ገና ወንበርህን ሳትስብ ያቃጥልሃል። እኔ የሚከላከሉትን የግንብ ካርዶች ይዤ ገባሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው... ግንቡ ይችላል፣ ዘንዶው ይደክማል፣ ካርዱ ያልቅበታል፣ ያኔ እመታለሁ።

«ቶሎ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! ድንቹ አረረ።»

«እያሰብኩ ነው።»

«ካገባሁህ ጀምሮ እያሰብክ ነው።»

ድንቹም አረረ፣ እኔም ተሸነፍኩ። ግንቡ ገና ሳስቷል።

የካቲት 22፣ እሑድ

ዛሬ እሷ አንዴ፣ እኔ ሦስቴ። ጥሩ ካርድ ስታነሳ ቅንድቧ ከፍ ይላል... ሆን ብዬ አላየሁም። ደግሞስ ብነግራት ትተወዋለች።

የካቲት 29፣ እሑድ

አለቀ። ስልሳ ካርድ።

ለራሴ ብሆን ይህን አልሠራም ነበር። የእኔ ዴክ በየተራው ማሰብ ይጠይቃል። መብረቅ አያስብም። ስለዚህ የማያስብ ሰው የማይሳሳትበትን ሠራሁለት። ምርጫ የሚጠይቁትን ካርዶች ሁሉ አወጣሁ። ግንብ ደርድር፣ ቆይ፣ ምታ። በቃ።

«አበላሽተህ ብትሰጠውስ?» አለች ባለቤቴ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ይኸው ነው በሽታህ።» ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች።

በሽታ ከሆነም ይሁን። የምጠላው ሰው የሚወጣው ደረጃም ቢሆን እርከኑ እኩል መሆን አለበት።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

አስረከብኩ። ሊቀመንበሩ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

ካርዶቹ ሁሉ ጥቁር የላስቲክ ሽፋን ለብሰዋል። ከባለቤቴ ጋር ስንበውዛቸው ስለከረምን ጠርዙ ደብዝዟል... ግን የስልሳውም እኩል ነው። ያልተከፈተ አዲስ የሽፋን እሽግ ጨመርኩለት።

«ስማ። አንዲት ካርድ እንኳ ብትቀይር፣ የስልሳውንም ሽፋን ቀይር። አዲስና አሮጌ ከተቀላቀለ ዳኛው ምልክት አድርገሃል ይልሃል።»

«ጋሼ፣ ካርድ ነው እኮ። ሙሽራ የምትድር መሰለህ እንዴ?»

«ሁሉንም ነው ያልኩህ።»

«ሰምቷል፣ ሰምቷል» አለ ሊቀመንበሩ። እሽጉን ራሱ ተቀብሎ መብረቅ ቦርሳ ውስጥ ከተተው።

ስወጣ እጄ ባዶ መሆኑ ከበደኝ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ውድድሩ ላይ ሄድኩ። ከተመልካቾች ጋር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኔ ወንበር የቱ እንደሆነ በዓይኔ አየሁት፤ መስኮቱ ሥር ነበር።

መብረቅ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አሸነፈ። ግንቡ ያዘ! የዘንዶ ተጫዋቾቹ ፊት ሲገረጣ አይቻለሁ። ልቤ መምታት ጀመረ... ለማን ነው የሚመታው? ለመብረቅ?

ከዚያ ዳኛው የተወሰኑ ዴኮችን ለፍተሻ ሰበሰበ። የመብረቅን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ከጎን አየው። ዝቅ ብሎ ደግሞ አየው። ከስልሳው መሀል አራት ጠርዝ ያብረቀርቃል። አራቱን መዘዛቸው። አራቱም ዘንዶ።

እኔ ያስገባሁት ዘንዶ የለም።

ግንቦቼን አውጥቶ ዘንዶ ከቷል። አዲሱን እሽግ ከፍቶ ለአራቱ ብቻ አልብሷቸዋል። የቀረው እሽግ ቦርሳው ውስጥ ተኝቷል።

«ካርዱን ሳታነሳው ምን እንደሚመጣልህ ታያለህ ማለት ነው» አለው ዳኛው። አስወጣው። ስሙን ከሰሌዳው ላይ ሲሰርዙት የክለቡንም ስም አብረው ሰረዙት።

መተላለፊያው ላይ ያዝኩት። «ለምን?»

«ግንብ ብቻ ይሰለቻል ጋሼ። ሰው እያየኝ እኮ ነው...»

«ሽፋኑስ?»

«ሁሉም ጥቁር አይደል እንዴ!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ከብብቷ የወደቀው ግን የእኔ ነው።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ሌላ መልእክት። አሁንም ለሁሉም የተላከ።

«ክለባችን ከውድድሩ የተሰናበተው በዴኩ አዘጋጅ ግዴለሽነት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ጋሼ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር በዕጩነት አይቀርብም።»

ግዴለሽነት!

ነገረኛ ተብያለሁ። ደረቅ ተብያለሁ። ቢሮ ውስጥ ከኋላዬ «ሚሊሜትር» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ግዴለሽ ያለኝ ሰው ግን እስከዛሬ አልተወለደም ነበር። የተረጋገጠውስ በማን ነው? መቼ ጠየቁኝ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን... አህያው የሚስት ወንድም ሲሆን ደግሞ ዳውላው ሁለቴ ይመታል።

ደወልኩለት።

«አንተ ቆመህ አልነገርኩትም?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነግረኸዋል። ግን እኔም ቤቴ መግባት አለብኝ ጋሼ። እህቱ እንዴት እንደሆነች አታውቃትም። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ቻለው።»

«ይህንኑ ጻፍልኝ።»

«የቱን?»

«ነግረኸዋል ያልከውን።»

ዘጋው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ የዘንዶውን ዴክ ይዛ መጣች። «ና ተቀመጥ» አለች። ራሷ በውዛ ጠበቀችኝ። አልቻልኩም። መልሳ ሰበሰበችው።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ጽፌ ጨረስኩ። ባለቤቴ አነበበችው።

«የጎደለ ነገር አለ።»

«ምን?»

«መናደድህ።»

«ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።»

«እንዲያውም ይበልጥ ያስፈራል» አለች።

አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው እርስዎ አልኩት። እጄ አልዘገየም። የላክሁት ይኸው፦

«ለክለቡ ሊቀመንበር፤

ዴኩን ያስረከብኩት በእርስዎ ፊት ነው። ሽፋኑ ሁሉ አንድ ላይ መቀየር እንዳለበት በእርስዎ ፊት ተናግሬአለሁ። አራቱን ካርዶች ማን እንደቀየራቸው ያውቃሉ፤ መንገሬንም በስልክ አምነውልኛል። የቤትዎ ሰላም እንዲጠበቅ እመኛለሁ፤ በእኔ ስም ግን አይገዛም።

የሚቀጥለውን ዓመት ወንበር አልጠይቅም። ቢሰጠኝም አልቀመጥበትም። ከዛሬ ጀምሮ የክለቡ አባል አይደለሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ግዴለሽነት» የሚለው ቃል ሐሰት መሆኑን፣ ያንን ቃል ላነበቡት አባላት ሁሉ እርስዎ ራስዎ ይጻፉላቸው፤ አንድ ቅጂም ለእኔ ይድረሰኝ።

በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። በአማላጅም አልቀበልም። ፊርማዎ ያለበትን የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ፣ መጋቢት 18 ቀን ድረስ እጠብቃለሁ።»