ስንቱን ቦሌ ያደረሱ፣ ራሳቸው ያልተሳፈሩ፦ የአቶ ያደታ ሰንበታ የሕይወት ታሪክ

አቶ ያደታ ሰንበታ ከአባታቸው ከአቶ ሰንበታ ጫምሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቡዜ ኢፋ በመቂ ከተማ አቅራቢያ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል መቂ ተምረው፣ በ1968 ዓ.ም. አዳማ መጥተው ጋራዥ ተቀጠሩ። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ሚኒባስ ነድተዋል። የአዳማ ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ቦሌ የሚያደርሱት፣ ሲመለስም የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ራሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን አልተሳፈሩም። ከፍታ ይፈሩ ነበር፤ ቢቀልዱባቸውም አይክዱም።

በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺዓለም ደበላ ጋር ትዳር መሥርተው ጋሮምሳንና ቢሊሴን አፍርተዋል።

አንድ ነገር ሲቆጫቸው ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. ፈውዚያ የምትባል የሰፈራችንን ልጅ ከቦሌ ሲያመጡ፣ እናቷ ከተቀበሩ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ቤተሰቧ እንደ ልማዳችን መርዶውን ደብቆ "ትንሽ አሟቸዋል" ብሏታል። እሷ መንገዱን ሙሉ "ተሻላቸው?" ስትል፣ እሳቸው "ደህና ናቸው" እያሉ አዳማ ገቡ። ልጅቱ ድንኳኑን ስታይ የጮኸችው ጩኸት እስከ መጨረሻው ከጆሯቸው አልወጣም።

ቢሊሴ በ2011 ዓ.ም. ለትምህርት ሴኡል ስትሄድ እንቅልፍ አጡ። መንገደኛውን ሁሉ እየጠየቁ ርቀቱን አገኙት፦ ወደ 9,200 ኪሎ ሜትር። ሲሄዱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ አሥራ ሦስት። ለሻንጣ አንድ ሰዓት፣ ለፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ጨመሩበትና ሚኒባሱ ውስጥ ጻፉት።

አንድ ጠዋት በስልክ "እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?" ቢሏት "ሁለት" አለቻቸው። የእጃቸውን ሰዓት ቢያዩ እሱም ሁለት! እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ፤ የእኛ አቆጣጠርና የሴኡል ሰዓት ለካ ቁጥራቸው አንድ ኖሯል። እንዴት ደስ እንዳላቸው! ከዚያ ወዲህ ላገኙት ሁሉ "ልጄ ሩቅ አይደለችም" ይሉ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ሲጸናባቸው ቤተሰቡን ሰብስበው "ቢሊሴን እንዳትዋሿት። ዕለቱን ንገሯት፣ ሳትደርስ እንዳታነሱኝ" ብለው አዘዙ። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። የእድራችን ሽማግሌዎች "አስከሬን እንዴት ሁለት ቀን ይቆያል?" ብለው ተቆጥተው ነበር። ወ/ሮ ፈውዚያ ግን መሐላቸው ገብታ "እኔ አልደረስኩም፤ እሷ ትድረስ" ስትል ቀብሩን ለረቡዕ ቆረጡት።

አቶ ያደታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሐዘናችን ላልተለያችሁን ሁሉ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

ይህ ወረቀት ማክሰኞ ማታ ሲታተም ቢሊሴ ገና አየር ላይ ናት። በአባቷ ስሌት ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል አዳማ ትገባለች፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህ ሲነበብ እዚህ መካከላችን ቆማለች ብለን ጽፈናል። አንቺ ልጅ፣ ሰዓታቸው ጋሮምሳ ጋ ነው፤ ተቀብለሽ እሰሪው። እንኳን ደረስሽላቸው።

ስንቱን በሰላም ያደረሱትን አባታችንን አምላክ በሰላም ይቀበላቸው።