መሳቢያ ውስጥ የከረመው መለኪያ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ፣ አሁንም ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮ ቀድሞ ያውጃል? የአባባ ዓይን፣ የልጆቹ ጉንፋን እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደብዳቤ በውሸት ሲጀመር ደግ አይደለም።

የሆስፒታላችሁ ኮሚቴ ለሕክምና ይልክህ ይሆን ወይ ብለሻል። መልሱ እንዲገባሽ ከራጁ ልነሳ። አየር በሌለው ብልቃጥ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በብርቱ ኤሌክትሪክ ተነድተው ከብረት ይላተማሉ። ድንገት ሲገቱ ጉልበታቸው አብዛኛው ሙቀት ይሆናል፣ ጥቂቱ ጨረር ሆኖ ይወጣል። ጨረሩ የብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ዘመድ ነው፤ ከብርሃን በተለየ ግን ሳያንኳኳ ሰውነት ውስጥ ይገባል። አጥንት ብዙውን ይውጠዋል፤ ፊልሙ ላይ ነጭ የሚታየውም ለዚህ ነው። ሥጋ አብዛኛውን ቢያሳልፍም ጥቂት ያስቀራል። የቀረው ሲደጋገም ደም የሚሠራውን መቅኔ ያውካል።

ራጅ ክፍል ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ወታደር ቤት ሳይረግጥ ሻምበል የምንለው ባልደረባዬ። የተቀበልነውን ጨረር የምትመዘግብ፣ ደረት ላይ የምትሰካ መለኪያ በየግላችን አለችን። ከልክ በላይ ካሳየች ባለቤቷ ለወራት ካርድ ክፍል ይዛወራል፣ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ሻምበል ታዲያ «ይቺን ነገረኛ መሳቢያ ውስጥ አስተኛት፤ አንዳችን ከተነሳን ይሄን ወረፋ ማን ይችለዋል?» አለኝ። አስተኛኋት። ዘጠኝ ዓመት ተኛች። እኔ የሚወራጩ ሕፃናትን እይዝ፣ እሱ ቁልፉን ይጫን ነበር። ጨረር የሚከላከለው ሽርጥ አንድ ብቻ ስለሆነ ልጁን አለብሰው ነበር።

መቅኔዬ ደም መሥራት ሲያቅተው የደም ሐኪሟ «ከሥራህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ መዝገቡን ለኮሚቴው አሳይ» አለችኝ። መዝገቡ ሲገለጥ ባዶ። በወረቀቱ ከሄድን ከሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ጤነኛው እኔ ነኝ። እውነቱን በእጄ ጽፌ ሰጠሁ። ሊቀመንበሩ አንብበው «እንግዲያው ደንብ ጥሰሃል» አሉና ፋይሉን ዘጉት። ሻምበል ኮሪደር ላይ ጠብቆ «የእኔንም ስም አስገባህ እንዴ?» አለኝ። አላስገባሁም ስለው አለቀሰ። ደረቱ ላይ ግን አሁንም መለኪያ የለም፤ ብቻውን ነው፣ ወረፋው እስከ ውጭ በር ነው።

የላክሽው የምርመራ ውጤት ደርሶኛል። መቅኔሽ ከእኔ ጋር ይስማማል አሉ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከተስማማንባቸው ነገሮች የመጀመሪያው መሆኑ ነው። መቅኔ የሚለውጠው ሆስፒታል ግን ያለ ኮሚቴው ደብዳቤ አይቀበለኝም። ስለዚህ አትምጪ፣ ትኬቱን መልሺው።

አባባን ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው። ባልሽን፣ ትልቋን ልጅሽን፣ ሳሎን ውስጥ ኳስ የሚጫወተውን ትንሹንም ሳሚልኝ። መስታወቱን ቢሰብርም አትቆጪው።

ወንድምሽ
ከራጅ ክፍሉ ሁለት በር አልፎ፣ አልጋ ቁጥር አራት
ጥቅምት 9 ቀን