የበረሃው እንሽላሊት በነቀምት ክረምት

ሰኞ፣ ሐምሌ

አልሞተም። መምህር ጌታሁን ሞቷል ይላሉ፤ እኔ አልሞተም እላለሁ። ሾፌሩ አጎቴ ከድሬዳዋ በታች ካለው በረሃ በትልቅ ጣሳ ያመጣልኝ እንሽላሊት ነው። ክንድ ያህላል፣ ጅራቱ እሾህ በእሾህ። ሲመጣ ቢጫ ነበር። ዝናቡ አላባራ ሲል ከሰል መሰለ፤ መብላትም ተወ። መምህሩ፣ እኔን ከስድስተኛ ክፍል ያባረሩት ማለት ነው፣ "ከሞተ ወዲያ ምን ያደርግልሃል፣ ስጠኝ፣ አልኮል ውስጥ ከትቼ ለተማሪ ላሳየው" አሉ። አጎቴ ቅዳሜ ይመለሳል፤ እስከዚያ ካቆየሁት አገሩ ያደርስልኛል። አቆየዋለሁ።

ማክሰኞ

ዝንብ ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። ሥጋም እንደዚያው። አፍንጫው ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ "ከብት ሣር እምቢ ሲል ጨው ነው" አሉኝ። አፉን ፈልቅቄ ጨው አላስኩት። ቆይቶ አነጠሰብኝ። ፊቴ ላይ የቀረውን ቀመስኩት (ይህን ማንም አያንብብ)፤ ጨው ነው። ለካ የጋገረውም ጨው ኖሯል። እሱ በአፍንጫው ያወጣል፣ እኔ በአፉ እጨምራለሁ።

ረቡዕ

ትንሽ ፀሐይ። ቆርቆሮ ላይ አኖርኩት። ሆዱን ለጥፎ ተኛ፣ ጀርባው ነጣ፣ ዓይኑን ገለጠ። ደመናው ሲመለስ ጠቆረ። ብርድ ነው እንግዲህ። ሳይሞቀው አይበላም። በዚህ ክረምት የሚሞቅ ቦታ የኦቦ ቶለራ ዳቦ ቤት ብቻ ነው። ሊጣቸው ላይ እንቁራሪት ያስቀመጥኩባቸው ኦቦ ቶለራ።

ሐሙስ

ዳቦ ቤቱ ገባሁ፤ አንገቴን ደፍቼ "አከም ቡልተን"፣ እንዴት አደሩ አልኩ።

"ደህና ነበርን። ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?"

ጣሳውን ከፈትኩ። "ይሄማ አዞ ነው" አሉ። አዞ ቢሆንማ ለመምህሩ ነበር የምሰጠው አልኳቸው። አሳቃቸው መሰለኝ፣ እንጨት ከፈለጥኩና ሊጡ አጠገብ ካልደረስኩ ይቀመጥ አሉ። ምድጃው ጀርባ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ለቀቅኩት፣ ገባ። ከዚያ በአየር ተነፍቶ ተሰነቀረ፣ ብስበው ወይ ፍንክች። አገሩም ድንጋይ መሃል እንዲህ ነው የሚተኛው ብሎኛል አጎቴ።

ዓርብ

ቢጫ ሆኗል። የዱባ አበባ ጣልኩለት፤ በላ፣ እንደ ፍየል። ለካ ቅጠል በል ነው፤ ያን ሁሉ ዝንብ በከንቱ ፈጀሁ። ውሃ አይነካም፣ ከቅጠሉ የሚያገኘው ይበቃዋል መሰለኝ። መምህር ጌታሁን ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ በጅራቱ ገረፋቸው። "ሬሳው ተማታ፣ ጋሼ" አልኩ። የመታኋቸው እኔ ይመስል እኔን ተቆጡ።

ቅዳሜ

አጎቴ መጣ። እንሽላሊቱን ለአበባ ብቅ ሲል ይዤ ጣሳው ውስጥ መለስኩት። ጣሳውን እግሩ ሥር፣ ሞተሩ የሚያሞቀው ቦታ አኖርኩት፣ አበባም ጨመርኩ። "እኔን እንዲህ ሸኝተኸኝ ታውቃለህ?" አለኝ። መንገዱ ላይ፣ ጌዶ ጋ፣ በጭቃ መኪና ተይዟል ይላሉ። እሱም ከተያዘ ሞተሩን እንዳያጠፋ ነገርኩት። "ነዳጁን አንተ ልትገዛ?" ብሎ ሄደ። ግን ኮቱን አውልቆ ጣሳውን ሲጠቀልል በመስኮቱ አይቻለሁ።

ከአዋሽ ወዲያ ብርድ የለም። እስከዚያ ያለው ግን ሁሉ ደጋ ነው።