ተኩስ ሲሰማ ወዴት?

ሐምሌ 6 ቀን 2013

ውሃው ጠዋት ከጉልበት በታች። ማታም ያው። ለወረዳው ደወልኩ፤ "እሺ" ብለው ዘጉ።

ጅዳ የሰው መዋኛ ገንዳ ሳጸዳ ኖሬ፣ አገሬ ገብቼ ደግሞ ለወረዳው በዘንግ ወንዝ እለካለሁ... እድሌ ውሃ ይሆን? እህቴ ኑርሀያት ወንዙ ዳር ሽንኩርቷን እየኮተኮተች ስትስቅብኝ ዋለች። "ወንዝ ሲያዩ መዋል ደሞዝ ካስገኘ የኛም በሬዎች ይቀጠሩ!" አፏ አያርፍም።

ሐምሌ 19

ደራሽ ውሃ መጣ። እዚህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፤ የጣለው ላይ አምባሰል ነው። አያ እንድሪስ ከጉብታው ሁለቴ ተኮሰ። ቤቱ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ስለሆነ ቀድሞ ያያል፤ ሲያይ ይተኩሳል። አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ተኩሱ እንደተሰማ ሰው ሁሉ ዶማውን ጥሎ ሽቅብ። ኑርሀያት ልጇን ሉብናን አዝላ ከሁሉም ቀደመች። ከዚያ ውሃው ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። መለኪያውን ዘንግ ዋጠው። ሰው ግን አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ።

እኔ የማየው ውሃው ከደረሰ በኋላ ነው። ጠባቂው የእንድሪስ ጠመንጃ ነው። ይህን ለወረዳው አልነገርኩም፤ ደሞዜን ለጠመንጃው እንዳይሰጡት።

ጥቅምት 23 ቀን 2014

ከሐይቅ ከተማ በኩል ከባድ መሣሪያ ይጮኻል። አስፓልቱ ሰው፣ ከብት፣ ፍራሽ የጫነ አህያ። ስልክ የለም። መብራት የለም።

"ወዴት እንግባ?" አለችኝ ኑርሀያት። ጎረቤቱም ቆሞ አፍ አፌን ያየኛል።

"ቦረቦሩ ውስጥ። ወንዙ ውስጥ ውረዱ።"

ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሁሉም ተከተለኝ። እግራቸውን የሚያማቸውን እትዬ መስኡዳን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ጥይቱ ከላያችን እያፏጨ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። እትዬ መስኡዳ እጄን ሳሙኝ። "ወንዝ ማየትሽ ለዚህ ቀን ኖሯል!" አፈርኩ... ደስም አለኝ።

ኅዳር 9

ዛሬም ቦረቦር። ሉብና ተኩስ ስትሰማ እኛን አትጠብቅም፤ ራሷ ሮጣ ትወርዳለች። ጎበዝ አልኳት።

ታኅሣሥ 4

ተኩሱ ቆመ። መንገዱ ተከፈተ። በሕይወት አለን። ዘንጉ ተነቅሏል፤ ለማገዶ ሆኖ ይሆናል። የመስጂዱ ድምፅ ማጉያም የለም። ኑርሀያት በር ሲጋጭ ትበረግጋለች። መሳቅ ትታለች። ያ አፏ የት ሄደ?

ሰኔ 25

አዲስ ዘንግ ተተከለ። ቀለሙ ያምራል። የሽንኩርት ማሳው እንደገና ሰው በሰው። ስራ ተጀመረ ማለት ነው።

ሐምሌ 9

ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ አምባሰል ጠቆረ። አያ እንድሪስ ሁለቴ ተኮሰ። እኔ ሽቅብ ሮጥኩ። ዞር ስል... ሰዉ ቁልቁል። ሁሉም ወደ ቦረቦሩ! "ደራሽ ነው! ሽቅብ! ሽቅብ!" ማን ይስማኝ? ሉብና ከሁሉም ቀድማ ወረደች፤ እናቷ ተከትላት። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ልጅቷን በቀሚሷ ጎትቼ አወጣሁ። ኑርሀያት የሾላ ሥር ይዛ፣ ውሃው እስከ ወገቧ እየመታት ወጣች። ሌሎቹም እየተጓተቱ ወጡ።

እትዬ መስኡዳ አልወጡም።

ያረቢ።

ሐምሌ 10

ቀበርናቸው። አያ እንድሪስ ጠመንጃውን ታቅፎ ከሰው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

"ውሃው ነው፣ አያ።"

"ባልተኩስ ኖሮ ቤታቸው ተቀምጠው አልነበር? ከአልጋቸው ያስነሳኋቸው እኔ!"

ቦረቦር ግቡ ያልኩትስ እኔ አይደለሁ? ያኔ ልክ ነበርኩ። ወላሂ ልክ ነበርኩ። ዛሬ ያው ምክር ሰው በላ።

ኑርሀያትን ጠየቅኋት። ክረምት መሆኑን ረሳሽው ወይ? "አልረሳሁም" አለችኝ። "ደራሽ ነው ብዬ ነበር በልቤ። እግሬ ነው የወረደው።"

ታዲያ ለእግር ምን ይነገረዋል?

ሐምሌ 13

ስብሰባ። አንዱ ሦስቴ ይተኮስ አለ። የሚበረግግ ሰው ሊቆጥር? ሌላው በስልክ እንደዋወል አለ። ኔትወርኩ አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም። ተኩስ የማይመስል ድምፅ ነው የሚያስፈልገን። ይህ ሕዝብ ሰምቶ የማይፈራው ድምፅ ምን አለ?

መንገድ ላይ መጣልኝ። በቀጥታ መንዙማ መሪያችን ሸህ ሙነወር ቤት።

"ድቤዎን ያውሱን።"

"ድቤው የመንዙማ ነው፣ ልጄ።"

"ነፍስ ለማዳንስ?"

ሳቅ አሉ። "ሕዝቤን አውቀዋለሁ። ድቤ ሲሰማ መሸሹን ትቶ ሊያጨበጭብ ነው።"

"እየወጣ ያጨብጭብ!"

"በይ ውሰጂው። ቆዳው እንዳይረጥብ፤ ከረጠበ አይጮህም።"

ሐምሌ 20

አያ እንድሪስ አኮረፈ። "በሽምግልናዬ ድቤ መቺ ልታደርጊኝ ነው?" ቢሆንም ጠመንጃውን ከችንካሩ አውርዶ ድቤውን ሰቀለበት። ምድጃው አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ። ድምፁ እንደ ጠመንጃው ሩቅ አይሄድም፤ እኛ ማሳ ግን ይደርሳል።

ስንለማመድ ዋልን። ድቤው ሲመታ ሽቅብ። ሉብና ጨዋታ መስሏታል። ይምሰላት። ኑርሀያት ከደጇ አልተነሳችም። "ነገ" አለችኝ። ነገም መምጣቷን እንጃ።

ነሐሴ 18

ቆቦ በኩል ጦርነቱ ተነሳ አሉ። እንደገና? አንድ ክረምት እንኳ ሰላም አንውል?

ነሐሴ 21

እዚሁ ጉብታው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አምባሰል አልታይ አለ። እኔ ዘንጉ ጋ፣ ኑርሀያት ማሳዋ ውስጥ። ድቤው ተመታ። የአያ እንድሪስ እጅ... ልምምድ ላይ እንዲህ መትቶ አያውቅም። ሰው ቀና አለ። ሉብና "እማ፣ ሽቅብ!" ብላ የእናቷን እጅ ጎተተች። ኑርሀያት ቆማ ቦረቦሩን አየች። ከዚያ ዶማዋን ጣለች፤ መጣች።

ሁላችንም ጉብታው ላይ ሆነን ውሃው ሲያልፍ አየን። ሽንኩርቱን ጠርጎ ወሰደው። አዲሱንም ዘንግ። አያ እንድሪስ ላብ አጥምቆታል፤ መምታቱን ግን አላቆመም። "በቃ፣ ሁላችንም አለን" ብለውም አልሰማኝም። ሸህ ሙነወር እውነታቸውን ነው፣ ከኋላ ማጨብጨብ ተጀመረ። ማልቀስም።

ይህን ጊዜ ከአስፓልቱ በኩል ተኩስ። አንድ፣ ከዚያ ተከታታይ። ማን እንደተኮሰ አላውቅም።

ጭብጨባውም ድቤውም ቆመ። ሰው ሁሉ ቁልቁል አየ። ኑርሀያት ብድግ አለች፤ ሉብናን ይዛ ሁለት እርምጃ ወደ ቦረቦሩ ሄደች። አያ እንድሪስ ድቤውን አንዴ መታ። አንዴ ብቻ።

ቆመች። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀችኝም። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

"በሬዎቹ ይቀጠሩ ያልኩት ይቅር" አለችኝ። "ድቤ ሰምተው ሽቅብ አይወጡም።"