ሳላሸት የማምነው

ጥቅምት 3
ዛሬም ሊጥ፣ ምድጃ፣ ሊጥ። አምና ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አያሸትም። ዳቦው መድረሱን የሚነግረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ሸሪኬ። ክርክር ስለሚወድ ጠበቃው እንለዋለን። ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ "አውጪው" ይለኛል፤ አወጣለሁ። በሰው አፍንጫ መኖር...

ጥቅምት 9
እንዴት ብዬ ልጻፈው? ብቻዬን ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ድንገት... አብጠርጥሮ የሚያውቀኝ አንድ ሰው አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ግን ነበረ። እግዚአብሔር ነው አልኩ። በእምነት ነገር ስቀልድ የኖርኩት እኔ። አለቀስኩ። እጄ ሊጥ ስለነበር እንባዬን በክንዴ ጠረግኩ።

ጥቅምት 10
ለጠበቃው ነገርኩት። ሳቀ።
"የምድጃው ሙቀት ነው። ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል?"
"አንተ አረረ ስትለኝ ሳላሸት አምንህ የለ?"
"ዳቦውንማ ምድጃውን ከፍተሽ ታያለሽ። ያንቺን ምኑን ከፍቼ ልይ?"
እርር ድብን አልኩ። እውነቱን ይሆን እንዴ? ቢሆንስ? የተሰማኝን አልተሰማኝም ልበል?

ጥቅምት 15
ጠበቃው ለእማዬ አውርቶላታል። እልልታዋ ጎረቤት አስወጣ። ምእመናኑ ፊት ቆመሽ መስክሪ አለች።
"አፍንጫዬም ዳነ በይ።"
"አልዳነም እኮ እማዬ።"
"ይድናላ። ቀድመሽ ብትናገሪው ምን አለበት? ሰው እንዲያምን ነው።"
ያልሆነውን ከጨመርኩበት የሆነውንም ገደልኩት። አልሄድም አልኳት። አኮረፈች። ታኩርፍ።

ጥቅምት 22
ወይ ውርደት። ዛሬ "አረረ" ብዬ ጮህኩ። ሽታው የመጣልኝ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ከፈትኩት። ገና ነጭ ነው።
ጠበቃው እጁን አጣምሮ፣ "አየሽ? የዚያን ቀኑም እንዲሁ ነው" አለ።
ቤት ገብቼም ሲያንገበግበኝ አመሸ። አንዴ ስለተሳሳትኩ ሁሉም ስህተት ነው? እሱስ "ደርሷል" እያለ ስንቴ ጥሬ አስወጥቶኛል? ያን ጊዜ አፍንጫህን ቆርጠህ ጣል አልኩት?

ጥቅምት 23
ጠዋት ነገርኩት። "ስለ ዳቦው ተሳስቻለሁ። ስለዚያኛው ግን ቃሌን አላጥፍም። እመን አልልህም፤ አንተም ካጂ አትበለኝ።"
ክርክሩን ትቶ ሬዲዮውን ከፈተ። ጠበቃው።

ጥቅምት 30
ሊጡን ከመጀመሬ በፊት ቆሜ መጸለይ ይዣለሁ። ያ ነገር ተመልሶ አልመጣም። አፍንጫዬም ያው ነው። እማዬም እንዳኮረፈች ናት።
ዛሬ ከሰዓት ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ሬዲዮው ጸጥ አለ። ኳስ እየሰማ የነበረው ጠበቃው ዘግቶት ነው።
"አመንክ እንዴ?" አልኩት።
"ምኑን" አለ። "ቶሎ ጨርሺ፣ ጨዋታው እያለፈኝ ነው።"