የባለቤቴ ራስ በየትኛው አገር ልማድ እንደተነቀነቀ

ለተከበሩ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት
የፈሳሽ ሌንሶች ምርመራ ክፍል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይም ለዓይንዎና ለአንገትዎ። ዓይንዎ ለሥራዎ ያስፈልግዎታል ተብሎ ይታመናል፤ አንገት ደግሞ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ፊት ምን ያህል አደገኛ የሰውነት ክፍል እንደሆነ ከእኛ ቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እኔ ዝላትካ ቼሽመጂዬቫ እባላለሁ። በቡልጋሪያ የፓናጊዩሪሽቴ ከተማ ነዋሪ፣ በኦፕቲክ ፋብሪካችን ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሌንስ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ፣ የአመልካቹ የነዲያልኮ ቼሽመጂዬቭ ሚስት ነኝ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት፣ ሦስት ጊዜም ቀኑ ብቻ የተለወጠ አንድ ዓይነት መልስ ስለደረሰኝ፣ አራተኛውን በጋዜጣ ባወጣው የእርስዎን የፖስታ መክፈቻ ድካም እቀንሳለሁ ብዬ ነው።

ጋዜጣውን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓሮ ካለችው ክፍል ተቀምጦ አንድ መነጽር ሠራ። መነጽሩ በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ጥርት ያለ ዘይት ይዟል። ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ላይ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታክል መዘውር ወደ ፊት ሲያዞሯት ዘይቱ ይገባል፣ ሌንሱ ያብጣል፣ የቅርቡ ነገር ይታያል፤ ወደ ኋላ ሲያዞሯት ዘይቱ ይወጣል፣ ሌንሱ ይሳሳል፣ የሩቁ ይታያል። ለማንበቢያ አንድ፣ ለመንገድ አንድ እያሉ መነጽር መቀያየር ቀረ ማለት ነው። ይህ አሁን የተናገርኩት በማመልከቻው ላይ የይገባኛል አንቀጽ አንድ ይባላል። በእርስዎ ቃለ ጉባኤ መሠረት ባለቤቴ ይህን አንቀጽ በገዛ ፈቃዱ ትቶታል። ቃለ ጉባኤው እስከ ሰኔ አሥራ አራት ካልታረመ የተተወው እንደተተወ ይቀራል፤ ለነዲያልኮም የሚቀረው አንቀጽ ሰባት ብቻ ይሆናል። አንቀጽ ሰባት መነጽሩ ስለሚቀመጥበት ማኅደር ነው።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ።

አንደኛ። ስለ ጥልቅ ምርምርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የባለቤቴ ሌንስ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት የጠቀሱት፣ በድሮ ዘመን ጫማ ሰፊዎች የመብራታቸውን ብርሃን ወስፌያቸው ላይ ለመሰብሰብ ውኃ ሞልተው ያስቀምጡት የነበረውን የብርጭቆ ኳስ ነው። እውነትም ኳሱ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ብርሃንም ያልፍበታል። በዚህ ስሌት ጎረቤታችን ባይ (ጋሼ) ጌንቾ በመስኮቱ ላይ የደረደራቸው የቃሪያ ኮምጣጤ ብርጭቆዎችም ከባለቤቴ ቀድመዋል። ይህን ለጨዋታ ያህል ብነግረው፣ "እንዲህ በል እንጂ፣ ነዲያልኮ፤ ለካ ዘጠኝ ዓመት በአጥር በኩል የምታየው የእኔን ቃሪያ ኖሯል" ብሎ ባለቤቴን ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳው። ነዲያልኮ ግን የኳሱ ሆድ እንደማይለወጥ፣ የእሱ ሌንስ ግን እንደሚያብጥና እንደሚሳሳ በአሥራ አራት ገጽ አስረዳ። እርስዎም አንብበው ተቀበሉት። ይህን ሳልክድ እመሰክራለሁ፤ ሰውዬው በጽሑፍ አሸንፎ ነው በአንገቱ የተሸነፈው።

ሁለተኛ። "ፈሳሽ የሚለው ቃል ግልጽ አይደለም፤ ማርም ፈሳሽ ነው፣ አይራንም ፈሳሽ ነው" ብለው ጽፈዋል። ዓይኑ ላይ አይራን፣ ያንን የቀጠነ እርጎ፣ አድርጎ ጋዜጣ ለማንበብ የሚሞክር ሰው የሚያስፈልገው የፈጠራ መብት ሳይሆን ዘመድ ነው። ቢሆንም ታዘዝን፤ "ጥርት ያለ ዘይት" ተብሎ ተስተካከለ። እዚህ ላይ እንደ ባልደረባ እንዳናግርዎ ይፍቀዱልኝ፤ እኔም በሰው ሥራ ላይ "አያልፍም" እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በቀን አራት መቶ ሌንስ በመብራት ፊት እያነሳሁ፣ ጭረት ያለውን፣ አረፋ የያዘውን ወደ ቀዩ ሣጥን ስጥል ኖሬአለሁ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ ምን እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር በጋዜጣ አይጻፍም። ሆኖም የጣልኩትን ሁሉ አይቼ ነው የጣልኩት። እርስዎ መነጽሩን ለናሙና እንላክልዎ ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ደንቡ ወረቀት መመርመር እንጂ ዕቃ ማየት እንደማያዝ በትሕትና አስታውቀውናል። ዓይን የማያስፈልገው የዓይን ሥራ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ። አሁን ወደ አንገቱ ልምጣ።

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ደግሞም መከራው የመጣው በጣም ስላወቁት ነው፣ እኛ ቡልጋሮች "አዎ" ለማለት ራሳችንን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንወዘውዛለን፤ "አይሆንም" ለማለት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች እንነቀንቃለን። የቀረው ዓለም ግልባጩን ያደርጋል። ጠበቃችን ወይዘሪት ቢስትራ ይህን ፈርታ፣ ችሎቱ ከእናንተ አገር በስክሪን ሊካሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከዋና ከተማችን ከሶፊያ ደወለች። "አጎት ነዲያልኮ፣ በእናትህ፣ የዚያን ቀን እንደ እነሱ ነቅንቅ። ተለማመድ፤ አክስት ዝላትካ ታለማምድህ" አለችው።

አለማመድኩት። በየምሳው የቦሎቄ ሾርባውን ይዤ ፊቱ እቆምና "ትፈልጋለህ?" እለዋለሁ። እሱ ከልጅነቱ እንደለመደው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲወዘውዝ፣ ሾርባውን ይዤ ወደ ምድጃው እመለሳለሁ።

"ሴትዮ፣ ፈልጌ እኮ ነው።"

"ከፈለግክ እንደ ውጭ ሰው ፈልግ።"

"የውጭ ሰው የአንቺን ሾርባ አይፈልግም።"

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተኝቶ ቢጠሩት እንኳ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቀንቅ፣ ለአገሩ ባዕድ የሆነ ሰው ወጣው። ዳቦ ቤት ሄዶ "ሁለት ልስጥህ?" ሲባል በአዲሱ ልማድ ነቅንቆ ባዶ እጁን ተመለሰ።

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ የልጃችንን የሠርግ ከረባት አስሮ ፊታችሁ ቀረበ። እኔ ከካሜራው ውጭ ቆሜአለሁ። ችሎቱ መሐል ላይ የእናንተና የአስተርጓሚያችሁ ድምፅ እየተሰማን የእኛ ወደ እናንተ መድረስ አቆመ፤ የወይዘሪት ቢስትራም ምስል አፏን እንደከፈተች ደረቀ። እርስዎ ግን ጨዋ ስለሆኑ ሥራውን ማስተጓጎል አልፈለጉም። "አመልካቹ በአንቀጽ አንድ ይቀጥላሉ?" ብለው ጠየቁ። ነዲያልኮ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ውጭ ሰው አምሮበት ነቀነቀ። እኔ በኩራት ዓይኔ እንባ አቀረረ። እርስዎም ወደ ወረቀትዎ አቀርቅረው ጻፉና፣ "እንግዲያው አንቀጽ አንድ እንደተተወ ይመዝገብ?" አሉ። ባለቤቴ ደንግጦ ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። እርስዎ ፈገግ ብለው አመሰገኑት። ስክሪኑም ጠፋ።

የሆነውን የተረዳነው ቃለ ጉባኤው ሲደርሰን ነው። "አመልካቹ በአገራቸው ልማድ እምቢታን በሚገልጽ የራስ እንቅስቃሴ አንቀጽ አንድን እንደማይዙ አሳይተዋል፤ መተዉም ይመዝገብ ሲባሉ በዚያው ልማድ ተስማምተዋል" ይላል። ለካ በዚያው ጠዋት ለክፍልዎ ሠራተኞች የአመልካቾችን ባህል ስለ ማክበር የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት ታድሎ ኖሯል፤ ገጽ አራት ላይ እኛ አለን። እርስዎ ለእኛ ሲሉ የእኛን ልማድ ያዙ፤ እሱ ለእርስዎ ሲል የእርስዎን ያዘ። ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ዛሬ መብቱ በእጁ ነበር። በሕይወቴ በጨዋነት የተዘረፈ ሰው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛ። ስህተቱን ስናስረዳ የጽሕፈት ቤትዎ መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ ድምፅ መቋረጡ የአመልካቹ ኃላፊነት ነው፤ ምስሉ አልተቀረጸም፤ ስለዚህ በዕለቱ የአመልካቹ ራስ በየትኛው አገር ልማድ እንደተነቀነቀ በገለልተኛ ማስረጃ ይረጋገጥ። የሚስት ቃል ገለልተኛ አይደለም። ለዚህስ አመሰግናለሁ፤ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ከባሌ ጎን እንደቆምኩ ማኅተም አድርጎ የመሰከረልኝ መሥሪያ ቤት የእርስዎ ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ላምጣ? የዳቦ ቤቷ ሴት አለች፤ እሷ ግን የምታውቀው ዳቦ እንዳልፈለገ ነው።

አምስተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን ቁጥር የሚሰጠው ዓይነት ነገር አይደለም።

ነዲያልኮ ራሱን መነቅነቅ ትቷል። ወደ የትም። ሾርባ ስሰጠው ሳህኑን በእጁ ይስባል። በመንገድ ሰው ሲያገኘው አንገቱ በጀሶ እንደታሰረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባይ ጌንቾ ሊያስቀው ብሎ በአጥሩ ላይ "ነዲያልኮ፣ አንገትህንም እዚያው አስረከብካቸው እንዴ?" ቢለው፣ ድሮ አሥር መልስ የነበረው ሰው አንድም ሳይመልስለት ገባ፤ ባይ ጌንቾም ኋላ መጥቶ በራችን ላይ "ዝላትካ፣ ክፉ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ" አለኝ። በከተማችን መነጽሩን ሊሠራ ቃል የገባ ትንሽ ዎርክሾፕ አለ፤ ስድስት የድሮ ባልደረቦቼም ሥራ ይከፈታል ብለው ይጠብቃሉ። የዎርክሾፑ ባለቤት ቃለ ጉባኤውን አንብቦ፣ "አክስት ዝላትካ፣ እንግዲህ ማኅደሩን ብቻ እንሥራ?" አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ልጁ የሚለው ጠፍቶት ነው። ነዲያልኮ አሁንም በየጠዋቱ ጓሮ ወዳለችው ክፍል ይሄዳል። ሥራ ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል፤ መብራቱን ግን አያበራም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጭረት ስፈልግ የኖርኩ ሴት ነኝና አንድ ነገር ከውስጥ ሊሰነጠቅ ሲል አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ወይ ቃለ ጉባኤውን ያርሙልን፤ ወይ ደግሞ ከሰኔ አሥራ አራት በፊት በአካል ይጥሩት። አውቶቡሱ ሃያ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ስንቁን እኔ አሰናዳለሁ። እፊትዎ ቆሞ በእርስዎ ቋንቋ፣ በአፉ፣ "አዎ" ይልዎታል። ቃሏን አስጠንቼዋለሁ፤ አንዲት ብቻ ስለሆነች ደንብ የምትጥስ አይመስለኝም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለበራሪ ወረቀትዎ፣ በተለይም ገጽ አራትን በቃልዎ ስለ ያዙልን፣ ከመላው ቤተሰቤ ጋር በፍጹም አክብሮት አመሰግናለሁ። ቢሮዎ ብሩህ፣ ወንበርዎ ለስላሳ፣ የሚነገርዎትም ሁሉ በቃል የሚነገር ይሁንልዎ።

ጎንበስ ብላ፣ ሆኖም ምንም ሳትነቀንቅ፤

ዝላትካ ቼሽመጂዬቫ
በጡረታ ላይ ያለች "አያልፍም" ባይ
ፓናጊዩሪሽቴ

ሳይጻፍ እንዳይቀር፦ የመጨረሻው ደብዳቤዎ ግርጌ ላይ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነበር። በቤታችን ያሉትን ሦስት መነጽሮች ሞክረን ልናነበው አልቻልንም። ትናንት ነዲያልኮ ሄዶ የራሱን አመጣና አደረገ፤ መዘውሯን ሁለት ጊዜ አዞረ፤ ውድቅ ያደረጋችሁትን ከነምክንያቱ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገና፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የራሱ የሆነውን የመጀመሪያ ቃል ተናገረ፤ "ይሠራል እኮ፣ ዝላትካ" አለኝ።